በመነጽሩ ወይስ በብረቱ ማነጣጠሪያ? የዳላሱ ተኳሽ እንዴት አለመ

አንባቢ ዘአዳማ፦

ስለ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ግድያ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ከጀርባ ማን ነበር?» በሚለው ላይ ስለሚያርፍ፣ ከዚያ አስቀድሞ መነሣት የነበረበት ጥያቄ ተድበስብሶ ያልፋል፦ ተኳሹ በምን አነጣጠረ? በጠመንጃው ላይ በተገጠመው ማጉያ መነጽር ወይስ በጠመንጃው በራሱ የብረት ማነጣጠሪያ? እዚህ አዳማ መጽሐፍ የምንዋዋስ ጥቂት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሳንስማማ ስለ ሰነበትን፣ ክርክሩ በቃል ከሚባክን በጽሑፍ ይሁን ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ።

ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። በዳላስ ከቀትር በኋላ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የኅዳር ሲታጠን ጭስ ሲጤስ የዋለበት። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት ዋሽንግተን ሄደው ኬኔዲን ያነጋገሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሦስተኛው ቀን እዚያው ከተማ በቀብሩ ሰልፍ ላይ ከሻርል ደ ጎል ጋር በእግር ሲሄዱ ታይተዋል።

ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን እንደ ደመደመው ተኩሱ የመጣው ከቴክሳስ የመማሪያ መጻሕፍት ማከማቻ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ (በእኛ አቆጣጠር 5ኛ)፣ ከደቡብ ምሥራቁ የማዕዘን መስኮት ነው። በመስኮቱ ሥር 3 ቀለሃዎች ተገኝተዋል። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የያዘው ጠመንጃ ጣልያን ሠራሹ ማንሊከር ካርካኖ ሞዴል 91/38 ሲሆን፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል ነው፤ አባቶቻችን ምንሽር ይሉት ከነበረው ዘር መሆኑ ነው። በሐሰተኛ ስም ከቺካጎ መደብር በፖስታ ያስመጣው፣ መነጽር ተገጥሞለት፣ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። መነጽሩ 4 እጥፍ የሚያቀርብ ጃፓን ሠራሽ ነው። ይህ ጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰው ከላይ ስለሆነ መነጽሩ ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ ተገጥሟል፤ በዚህም የተነሣ የጠመንጃው የራሱ የብረት ማነጣጠሪያ አልተሸፈነም። ባለ ጠመንጃው ጭንቅላቱን ጥቂት ቢያዘነብል ሁለቱም ለዓይኑ ክፍት ናቸው።

የእኔ አቋም ኦስዋልድ በብረቱ ማነጣጠሪያ ተጠቀመ የሚል ነው። ፕሬዚዳንቱን አንገታቸው ላይ የመታው ጥይት የተጓዘው ከ54 እስከ 58 ሜትር፣ ጭንቅላታቸውን የመታው ደግሞ 81 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት መነጽር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በሰከንዶች ውስጥ ደጋግሞ ለሚተኩስ ሰው እንቅፋት ነው። የምትቃወሙኝ በምን ማስረጃ እንደሆነ ጻፉልኝ።

ጠበቃ ሶደሬ መንገድ፦

ወንድሜ፣ አቋምዎ ሊሆን ይችላል ከሚባለው ተነሥቶ ሆኗል ወደሚለው ዘሏል። መነጽር አያስፈልግም ማለት መነጽር አልተጠቀመም ማለት አይደለም። በመዝገቡ ላይ ካሉት ቃሎች በቀጥታ ይህን ነገር የሚነኩት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ወደተለያየ አቅጣጫ ይጠቁማሉ።

የመጀመሪያው የኦስዋልድ ባለቤት የሰጠችው ቃል ነው። ከግድያው ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ኒው ኦርሊንስ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ፣ ባልዋ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ እያነጣጠረ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ማየቷን መስክራለች። ይህ ሰው የተለማመደው በመነጽሩ ነው ለሚል ወገን ከዚህ የሚበልጥ ቃል አይገኝም።

ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ፣ ከመስኮቱ 36 ሜትር ገደማ ርቆ ተቀምጦ የነበረው ሃዋርድ ብሬናን የሰጠው ቃል ነው። ተኳሹን የመጨረሻውን ጥይት ሲያነጣጥር እንዳየው ተናግሯል። ጠመንጃው መነጽር ነበረው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መነጽር አለማስተዋሉን ነው የመለሰው። ይህን ቃል ይዘው «መነጽሩ ከፊቱ አልነበረም» ለማለት እንዳይቸኩሉ አደራ፤ ብሬናን ተኳሹ ቆሞ ነበር ብሏል፣ የመስኮቱ ደፍ ግን ከወለሉ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ኮሚሽኑ ራሱ ተኳሹ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ ሳይሆን አይቀርም ሲል አርሞታል። በቁመና የተሳሳተ ምስክር የክንድ ውፍረት የሌለውን ቱቦ አላየሁም ቢል፣ ችሎት ላይ ያ ቃል ሚዛን አይደፋም።

ሻምበል ጡረታ፦

ልጆቼ፣ ንባባችሁ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምልምል ሳሠለጥን ስለ ኖርኩ በዚያ በኩል ያለውን ልጨምር።

ኦስዋልድ የባሕር ኃይል እግረኛ ነበር፤ የተመዘነውም ኤም 1 ጋራንድ በሚባለው ጠመንጃ፣ በብረቱ ማነጣጠሪያ ነው እንጂ በመነጽር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ 212 ነጥብ አግኝቶ ለመካከለኛው የአልሞ ተኳሽ ማዕረግ ከሚጠየቀው 210 በሁለት ብቻ አለፈ፤ በ1959 ደግሞ 191 አምጥቶ ከዝቅተኛው ማለፊያ በአንድ ነጥብ ተረፈ። ይህን ቁጥር ይዘው «ሰነፍ ተኳሽ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ያ ፈተና እስከ 500 ያርድ፣ ማለትም እስከ 450 ሜትር ድረስ የሚተኮስበት ነው። በዚያ ፈተና በዝቅተኛው ነጥብ ያለፈ ሰው በ80 ሜትር ላይ፣ ጠመንጃውን ደግፎ፣ የሰውን ያህል ዒላማ ቢመታ ከእኛ ምልምሎች መካከል ማንም አይደነቅም። እርሱ ደግሞ በመስኮቱ ላይ የመጽሐፍ ካርቶኖች ደራርቦ መደገፊያ አበጅቶ ነበር።

ስለ መነጽሩ ሰዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በመነጽር የሚያነጣጥር ሰው ዓይኑን ከመስታወቱ በልክ ማራቅ አለበት፤ ጥቂት ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ጥቁር ጥላ ይገባበታል። በተኮሰ ቁጥር ጠመንጃው ይረግጠዋል፤ ሲያቀባብል ደግሞ ጉንጩ ከሰደፉ ይነሣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ማግኘት፣ በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥም ዒላማውን እንደገና መፈለግ አለበት። መነጽሩ ወደ ግራ ፈንጠር ያለ ሲሆን ጉንጭ የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ችግሩ ይብሳል። በብረቱ ማነጣጠሪያ ግን ሰውዬው አጠቃላይ መንገዱን እያየ ነው የሚያቀባብለው፤ ዒላማው ከዓይኑ አይጠፋም። እኔ ብሆን ኖሮ መነጽሩን እተወው ነበር፤ እርሱ ግን እኔ አይደለም፣ ገንዘቡን የከፈለበትን ነገር መተው የሚከብደው ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬ ይቅደም፦

ሻምበል በአክብሮት ልጠይቅዎት። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የጦር መሣሪያ ባለሙያ ሮበርት ፍሬዚየር ጠመንጃውን ሲፈትን ጥይቶቹ ሁሉ ካለመበት ቦታ በላይና ወደ ቀኝ ወድቀዋል። በ100 ያርድ ርቀት ከ2 ኢንች ተኩል እስከ 5 ኢንች ከፍ ብለው ነው ያረፉት። የጦር ሠራዊቱ ባለሙያዎች በበኩላቸው ከመፈተናቸው በፊት መነጽሩን ለማስተካከል ከሥሩ ስስ ብረት መወተፍ ነበረባቸው። እንግዲህ በተዛባ መነጽር ተንቀሳቃሽ ሰው ተመታ ብለን እንድናምን ነው የሚፈለገው። በመነጽሩ ካነጣጠረ መሳት ነበረበት፤ በብረቱ ካነጣጠረ ደግሞ መነጽሩን ለምን ገዛው? በሁለቱም በኩል ታሪኩ አይቆምም። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ካለው የሣር ጉብታ በኩል ሌላ ተኳሽ ነበረ የሚሉትን ነው የማምነው፤ የአዳማ ነዋሪ ሆኜ ስለ ነፋስ ሳልጠይቅ ማለፍም አልችልም፣ ነፋሱንስ ማን ሂሳብ ውስጥ አስገባው?

አወያይ፦

የሣር ጉብታው ጉዳይ የራሱ ክር አለው፤ እባካችሁ እዚህ ስለ መስኮቱና ስለ ማነጣጠሪያው ብቻ እንነጋገር። የነፋሱ ጥያቄ ግን ይመለስ።

መምህርት ዘፊዚክስ፦

ከነፋሱ ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃልና። ይህ ጥይት ረጅምና ከባድ፣ ከ10 ግራም የሚበልጥ ነው፤ በ80 ሜትር ርቀት የጎን ነፋስ ቢገፋው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ አያስተውም። የእኛን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ እንኳ ቢነፍስ ውጤቱን አይለውጠውም።

የተዛባው መነጽር ግን ተረጋግቶ ሊሰላ የሚገባው ነገር ነው፤ ወንድማችን ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰው መደምደሚያውን አለቦታው አስቀምጠውታል። የፕሬዚዳንቱ መኪና በአማካይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ትጓዝ ነበር። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 660 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 81 ሜትሩን ለማቋረጥ 0.13 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በዚያች ጊዜ መኪናዋ 65 ሳንቲ ሜትር ትራመዳለች። «እንግዲያው 65 ሳንቲ ሜትር አስቀድሞ ማነጣጠር ነበረበት» የሚል ሰው ይኖራል፤ ይህ እውነት የሚሆነው መኪናዋ ከጎን በኩል፣ ዓይንን አቋርጣ ብታልፍ ነበር። እርስዋ ግን ከተኳሹ ጀርባዋን ሰጥታ እየራቀች ነው። በመጨረሻው ተኩስ ጊዜ የተኳሹ ዓይን ወደ ታች የሚያይበት ማዕዘን 15 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የመንገዱን የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ስንቀንስ 12 ዲግሪ ያህል ይቀራል። የ12 ዲግሪ ሳይን 0.21 ስለሆነ፣ 65 ሳንቲ ሜትሩ ለተኳሹ ዓይን 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይታያል፤ አቅጣጫውም ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ መነጽር የያዘ ሰው ከዒላማው 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ነበረበት።

አሁን ያንን የተዛባ መነጽር ያምጡት። በ100 ያርድ ከ6 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ ተኳሹ ልዩ ስሌት ሳያስፈልገው በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን የመስቀል መስመር በቀጥታ ሰውዬው ላይ ቢያሳርፍ መዛባቱ አብዛኛውን ያካክስለታል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ፍሬዚየር ራሱ መዛባቱ ለዚህ ዓይነት ተኩስ እንደሚረዳ ለኮሚሽኑ አስረድቷል። ወደ ቀኝ ያለው ስሕተት አይካካስም፤ መጠኑ ግን ዒላማውን የሚያስት አይደለም።

የሚገርመኝ የብረቱ ነገር ነው። የዚህ ሞዴል ማነጣጠሪያ እንደ ሌሎቹ የማይነሣና የማይወርድ፣ ለ200 ሜትር ታስቦ በቋሚነት የተሠራ ነው። በ200 ሜትር ላይ ጥይቱ ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወድቅ፣ ይህን ለማካካስ አፈሙዙ ጥቂት ቀና እንዲል ተደርጓል። ስለዚህ ቀረብ ባለ ርቀት ካለሙበት በላይ ይመታል። ለ80 ሜትር ሳሰላው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ የሚያስፈልገው 14፣ ብረቱ የሚሰጠው 13፣ የተዛባው መነጽር የሚሰጠው ከ6 እስከ 13። በአንዱም ሆነ በሌላው ቀጥታ ላነጣጠረ ሰው ጥይቱ የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ከተመታው ቦታ ተነሥቶ በየትኛው እንዳነጣጠረ ማወቅ አይቻልም። «መሳት ነበረበት» የሚለው ክርክርም፣ «በብረቱ ነው» የሚለው የአንባቢ ዘአዳማ ክርክርም ከቁስሉ ቦታ ድጋፍ አያገኙም።

ጥርጣሬ ይቅደም፦

መምህርት፣ ስሌቱን ተከታትዬዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀርቶታል። መነጽሩ ሲተኮስበት እንዲህ የተዛባ እንደነበር ማን አረጋገጠ?

ጠበቃ ሶደሬ መንገድ፦

ጥያቄው ለእኔ ባይሆንም መልሱ በመዝገብ ያለ ነው። ማንም አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም። ጠመንጃው የተገኘው በመስኮቱ ሥር ሳይሆን በዚያው ፎቅ በተቃራኒው ማዕዘን፣ ደረጃው አጠገብ፣ በካርቶኖች መካከል ተወሽቆ ነው። የጣለው ሰው እየሸሸ ነበርና ቀስ ብሎ እንዳላስቀመጠው መገመት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አሻራ ሲፈለግበት ብዙ እጅ ነክቶታል፤ ከዳላስ ዋሽንግተን ተጓጉዟል። ፍሬዚየር በመነጽሩ ቱቦ ላይ የመፋቅ ምልክት አይቷል፤ መቼ እንደደረሰ ግን መናገር አልቻለም። ስለዚህ የፈተናው ቁጥር የሚነግረን ጠመንጃው በላቦራቶሪ ስለነበረበት ሁኔታ ነው። ይህን ቁጥር ለጥፋተኝነትም ለነጻነትም ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ከእኔ ጋር ችሎት ባይቆም ይሻለዋል።

ባለካሜራ፦

እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ስለ ጥይት አላውቅም። የ4 እጥፍ መነጽር የሚያሳየው ግን በእኔ ሙያ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚያሳየው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ ሕንፃ 5ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፉትን ባጃጆች በዚያ ሌንስ ተከታተልኳቸው። የታዘብኩትን እንዳለ ልጻፍ።

ከሕንፃው ሥር ያለ ባጃጅ በሌንሱ ውስጥ አይያዝም። ማዕዘኑ ቁልቁል ስለሆነ ካሜራውን ከበረንዳው ብረት በላይ አንሥቼ መጎንበስ አለብኝ፤ ዒላማውም ቅርብ ስለሆነ ከክቡ ቶሎ ይወጣል። ባጃጁ 50 ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ግን ነገሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከእኔ እየራቀ ስለሚሄድ በሌንሱ ውስጥ የቆመ ያህል ነው፤ የሾፌሩን አንገት ላይ ሌንሱን አሳርፌ እስትንፋሴን ብቻ መቆጣጠር በቂ ነበር። መምህርት በሳይን ያሰሉት 14 ሳንቲ ሜትር በዓይኔ ሳየው እውነት ነው፤ ባጃጁ ወደ ላይ በዝግታ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ሻምበል የጠቀሱትንም ሞከርኩት። ዓይኔን ከካሜራው አንሥቼ፣ ጠመንጃ እንደሚቀባበል እጄን አንቀሳቅሼ ስመለስ፣ ባጃጁን እንደገና ለማግኘት አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ደግሞ መንገዱን ሁሉ መቃኘት ይጠይቀኝ ነበር። በዚህ መካከል ቀና ብዬ በባዶ ዓይን ባየው ኖሮ ወዲያው አገኘው ነበር። የሕንፃው ዘበኛ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ማስረዳት ስለከበደኝ ሙከራው እዚያ ላይ ቆሟል።

አንባቢ ዘአዳማ፦

የባለካሜራ ትዝብት ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም ክርክሩን ወደ ጊዜው ይወስደዋል። እንግዲህ ጊዜውን እንየው።

በቦታው የነበረ ተመልካች፣ አብርሃም ዛፕሩደር፣ የቀረጸው የግድያው ፊልም በሰከንድ 18.3 ምስል ያነሣ ነበር። ጭንቅላቱ የተመታው በ313ኛው ምስል ላይ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። አንገቱ የተመታው ከ210ኛው እስከ 225ኛው ባለው መካከል ነው። ከ166ኛው እስከ 210ኛው ምስል ድረስ የዋርካ ያህል ቅርንጫፉን የዘረጋ የኦክ ዛፍ ከመስኮቱ የሚታየውን ይከልል ነበር። የመጀመሪያው ጥይት ነው የሳተው የሚሉ ሰዎች ተኩሱን ከዛፉ በፊት፣ በ160ኛው ምስል አካባቢ ያስቀምጡታል። እንደዚያ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 3.4 ሰከንድ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 4.9 ሰከንድ፣ በጠቅላላው ከ8 ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ አለ።

የኤፍቢአይ ሰዎች በመነጽሩ እያነጣጠሩ ሲፈትኑ በሁለት ተኩስ መካከል ቢያንስ 2.3 ሰከንድ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። ለዚህ ግምት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ «2.3 ሰከንድ» የሚለው ቁጥር እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ቁጥሩ ግን በመነጽሩ ለሚያነጣጥር ሰው የወጣ ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የግድያዎች ልዩ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በብረቱ ማነጣጠሪያ ሲያስፈትን ሁለት ጥይት በ1.66 ሰከንድ ውስጥ መተኮስ እንደሚቻል አግኝቷል። ያንን ሙከራ ያደረገበት ምክንያት፣ ማለትም 4 ተኩስ ተሰምቷል የተባለበት የፖሊስ ሬዲዮ ድምፅ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ውድቅ ተደርጓል፤ የብረቱ ማነጣጠሪያ ፍጥነት ግን ከድምፁ ጋር አብሮ የሚወድቅ አይደለም። የጦር ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ካስፈተናቸው አልሞ ተኳሾች አንዱም መነጽሩን ትቶ በብረቱ ሲተኩስ ሦስቱን ጥይት በ4.45 ሰከንድ ጨርሷል።

የእኔ አቋም አሁንም ብረቱ ነው። ምክንያቱ ግን መነጽሩ ጊዜ አይሰጥም የሚል አይደለም፤ በ3.4 እና በ4.9 ሰከንድ ውስጥ በመነጽሩም መተኮስ ይቻላል። ምክንያቴ ሻምበልና ባለካሜራ እንዳሉት ዒላማውን ሳይለቅ የሚያቀባብለው በብረቱ የሚያነጣጥር ሰው መሆኑ ነው።

ጥርጣሬ ይቅደም፦

በብረቱ ከሆነ እንግዲያው የመጀመሪያው ጥይት ለምን ሳተ? ከሦስቱ ሁሉ ቅርብ የነበረው እርሱ ነው፤ 42 ሜትር ገደማ። ቅርቡን ስቶ ሩቁን መምታት የማን ተኩስ ነው? ደግሞም ከግድያው ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በሚያዝያ ወር ጄኔራል ኤድዊን ዎከርን ከመስኮት ውጭ ሆኖ የተኮሰበት ይኸው ሰው ነው ትላላችሁ። ዎከር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ከ30 ሜትር በታች ባለ ርቀት ነበር። እርሱንም ስቶታል።

ጠበቃ ሶደሬ መንገድ፦

የዎከርን ተኩስ ለኦስዋልድ የሰጠው የዋረን ኮሚሽን ነው፤ ዋናው መሠረቱም የሚስቱ ቃልና የተወው ደብዳቤ ነው። ጥይቱ ተጨማድዶ ስለነበር ከጠመንጃው ጋር በእርግጠኝነት ማዛመድ አልተቻለም። ያም ሆኖ ኮሚሽኑን ተከትለን ኦስዋልድ ነው ብንል፣ ጥይቱ የመስኮቱን እንጨት ነክቶ ነው አቅጣጫ የለወጠው፤ ያለመው ሰው አለመው፣ እንጨቱ ከለከለው። ይህ አንባቢ ዘአዳማን የሚቃወም ነገር ይመስለኛል። በጨለማ ቆሞ ወደ ብርሃን ክፍል በመነጽር የሚያይ ሰው የተቀመጠውን ሰው አጉልቶ ሲያይ፣ በመካከል ያለው ቀጭን እንጨት ደብዝዞ ሊጠፋው ይችላል። በብረቱ የሚያነጣጥር ሰው ግን እንጨቱን በግልጽ ያየው ነበር። እንግዲያው በሚያዝያ በመነጽሩ ተጠቅሞ ከሆነ፣ በግንቦት በረንዳ ላይ በመነጽሩ ከተለማመደ፣ በኅዳር በድንገት ተወው የሚል ሰው ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ሻምበል ጡረታ፦

ልጄ ጠበቃ፣ ምክንያቱን እኔ ላቅርብ፤ የጥርጣሬ ይቅደም ጥያቄም እዚያው ይመለሳል።

ቅርቡን ስቶ ሩቁን መምታት በተኩስ ሜዳ ያላየሁት ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ጥይት የፍርሃት ጥይት ነው፤ ቃታው ሳይሳብ ይመነጨቃል። በዚያ ላይ ባለካሜራ እንዳየው ቅርቡ ዒላማ ከፎቅ ላይ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ማዕዘኑ ቁልቁል ነው፣ በካርቶኑ ላይ የተደገፈው አፈሙዝ እንደልብ አይወርድም፣ መኪናዋም ከዛፉ ሥር ልትገባ ስለሆነ ተኳሹ ይጣደፋል። በመነጽር የሚያነጣጥር ከሆነ ደግሞ በዚያ ርቀት ዒላማው ክቡን ሞልቶ ይሮጥበታል። እኔ የማስበው እንዲህ ነው፦ በመነጽሩ ጀመረ፤ እየጠበቀ ሳለ ለረጅም ደቂቃ በእርሱ ሲያይ ነበርና። መጀመሪያውን ሲስት፣ ሲያቀባብልም ዒላማው ሲጠፋበት፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ በወታደርነቱ ወደ ለመደው ብረት ተመለሰ። መነጽሩ ወደ ጎን ስለሆነ ይህን ለማድረግ ማንሣትም መፍታትም አያስፈልገውም፤ የአንድ ጣት ያህል ፊትን ማዛወር ነው።

አንድ ነገር ግን በመምህርት ስሌት ላይ ልጨምር። በዚህ ጠመንጃ የኋላው ማነጣጠሪያ ክፍት ስንጥቅ ነው፤ ኦስዋልድ የተማረበት ጋራንድ ግን በክብ ቀዳዳ የሚታይ ነው። ስንጥቁን ለማያውቅ ሰው ዋናው ጥያቄ የፊተኛውን ብረት ጫፍ የት ያስቀምጠው የሚለው ነው። ወደ ስንጥቁ ወለል ዝቅ አድርጎ ቢያስቀምጠው ጥይቱ ዝቅ ይላል፤ ከስንጥቁ አፍ እኩል ቢያደርገው ከፍ ይላል፤ ቸኩሎ ከአፉ በላይ ቢያሳልፈው ደግሞ ከዒላማው ጭራሽ በላይ ያልፋል። ያልሠለጠነበትን ስንጥቅ ቸኩሎ የያዘ ሰው ከሦስቱ በየትኛው እንደሚጀምር መገመት ቀላል ነው፤ ምልምሎቼ ሁልጊዜ በሦስተኛው ነበር የሚጀምሩት።

መምህርት ዘፊዚክስ፦

ሻምበል፣ እናመሰግናለን፤ የእኔ 13 ሳንቲ ሜትር የፊተኛው ጫፍ ከስንጥቁ አፍ እኩል ሲሆን ነው። ወደ ወለሉ ቢወርድ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ግን በ81 ሜትር ከዒላማው አያወጣውም። ከአፉ በላይ ቢያልፍ ግን የስሕተቱ መጠን በርቀቱ ስለሚባዛ፣ በቅርቡ 42 ሜትር ላይ እንኳ መኪናዋን አልፎ አስፋልት ላይ ሊወርድ ይችላል። ይህ የሳተውን ጥይት ያስረዳል እንጂ በመነጽሩ ስቶት ከሆነም እንደዚሁ ይሆን ነበርና፣ በሁለቱ መካከል አይዳኝም።

አንባቢ ዘአዳማ፦

የሻምበልን ሐሳብ፣ ማለትም በመነጽሩ ጀምሮ በብረቱ ጨረሰ የሚለውን፣ ከእኔ ይልቅ መዝገቡ ይስማማበታል፤ የሚስቱን ቃልም ብሬናንንም ሳይጥል ሁለቱን ይይዛቸዋልና፣ ብሬናን ያየው የመጨረሻውን ጥይት ነበር። ለእኔ የቀረው ጥያቄ የሁለተኛው ጥይት ብቻ ነው። 3.4 ሰከንድ መነጽሩን ለመተውም ላለመተውም ይበቃል። ጥርጣሬ ይቅደም በዚህ ላይ የሚሉት ካለ እጠብቃለሁ።

ጥርጣሬ ይቅደም፦

በዚህ ላይ የምለው የለኝም፤ በሣር ጉብታው ክር ላይ ግን እጠብቅዎታለሁ።